“ያደርሰኛል ወይ?” ለሚል ሾፌር ስክሪን ስትሠሩ

ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ መሪውን የያዘው አብሮ አደጌ ነበር። መኪናው የኤሌክትሪክ ነው፤ ከገዛው ገና ሦስት ወሩ። አዳማ መውጫ ላይ ስክሪኑ “183 ኪ.ሜ.” ይላል። የፍጥነት መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ “ገብተን ነገም ሥራ ደርሼ እመለስበታለሁ” አለና ሙዚቃ ከፈተ። ሞጆን ካለፍን በኋላ ነገሩ ተለወጠ። አንድ ኪሎ ሜትር በሄድን ቁጥር ስክሪኑ ላይ ሁለት ሊቀንስ ምንም አልቀረው። መጀመሪያ ኤሲውን አጠፋ፤ ቀጥሎ ሙዚቃውን፤ በመጨረሻ ወሬውንም ተወው። (ሙዚቃ ከባትሪው የሚወስደው ከቁጥር አይገባም፤ የፈራ ሰው ግን እጁ የደረሰበትን ሁሉ ያጠፋል።) ከአንድ የጭነት መኪና ኋላ ተጠግቶ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ይልቅ ቁጥሩ ላይ ተክሎ ነዳ። የፍጥነት መንገዱ ማብቂያ ቱሉ ዲምቱ ስንደርስ ስክሪኑ ላይ የቀረው 25 ኪሎ ሜትር ነበር።

መኪናው አልተበላሸም፤ ባትሪውም ጤነኛ ነው። የተበላሸው ስክሪኑ የገባው ቃል ነው። ስንነሳ ባትሪው ውስጥ 22 ኪሎዋት ሰዓት ነበር፤ የቤት ቆጣሪ የሚቆጥረው ያው ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። መኪናው ጠዋት ወደ አዳማ ሲወርድ በ100 ኪሎ ሜትር 12 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ በልቶ ስለነበር፣ ስክሪኑ 22ን በዚያ ሒሳብ አካፍሎ 183 አለ። መመለሻው ግን ዳገት ነው፤ በ100 ኪሎ ሜትር 20 ይበላል። ስክሪኑ የጠዋቱን ቁልቁለት ለማታው ዳገት አበደረው።

ይህ መመሪያ እንዲህ ያለውን ስክሪን ለምትሠሩ ነው፦ በአገር ውስጥ በሚገጣጠም መኪና ላይ ለምትሠሩ፣ የመኪና ስክሪን ላይ ወይም ስልክ ላይ የሚጫን አፕ ለምትጽፉ፣ ኮድ ባትነኩም ገጹን ለምትነድፉ። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ካስታወቀ ወዲህ፣ በሕይወቱ የነዳጅ ጌጅ ብቻ ሲያይ የኖረ ሾፌር በአንድ ቀን ፐርሰንት ቆጣሪ ሆኗል። ጭንቀቱ አዲስ አይደለም። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች “ሬንጅ አንዛይቲ” ያሉት በ1990ዎቹ፣ ጄኔራል ሞተርስ ኢቪ1 የተባለችውን መኪና ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲያከራይ ነው። አዲስ የሆነው መንገዱ ነው። የእኛ መንገድ ይወርዳል፣ ይወጣል።

1. ጥያቄውን ቀይሩ

ሾፌር “ስንት ኪሎ ሜትር ቀረኝ?” ሲል የሚጠይቀው እሱን አይደለም። ቀሪውን ኪሎ ሜትር አይቶ፣ የመንገዱን ርቀት ከአእምሮው አውጥቶ፣ ቀንሶ፣ ለዳገቱ ትንሽ አስቀርቶ፣ “ያደርሰኛል” ወይም “አያደርሰኝም” ይላል። ይህን ሁሉ ሒሳብ እየነዳ ነው የሚሠራው። ሒሳቡን እናንተ ሥሩለት።

ስለዚህ የስክሪኑ ትልቁ ቦታ የሚገባው ለቀሪ ኪሎ ሜትር ሳይሆን መድረሻ ላይ ለሚቀረው ቻርጅ ነው፦ “ሳሪስ ሲደርሱ 12%”። ቴስላ እ.ኤ.አ. በ2015 ሶፍትዌሩን ሲያድስ የሄደው በዚህ መንገድ ነው፤ መኪናው መድረሻውንና የቻርጅ ጣቢያውን እያመዛዘነ፣ ሾፌሩ ከጣቢያ ከመራቁ በፊት የሚያስጠነቅቅ አደረገው። አሁን ብዙ አምራቾች የሚከተሉት ይህንኑ ነው።

የእኛ ሾፌር ግን መድረሻ አይጽፍም። መንገዱን ያውቀዋል፤ ምን ብሎ ይጽፋል? ስለዚህ ለመጻፍ አታስገድዱት። ሁለት ነገር በቂ ነው። አንደኛ፣ “ቤት” የምትል አንዲት ቁልፍ ስጡት። መኪናው ማታ ማታ የሚያድርበትን ቦታ ራሱ ይማር፤ የትም ቢሄድ “አሁን ብመለስ ስንት ይዤ እገባለሁ?” የሚለው መልስ ከስክሪኑ ጥግ አይጥፋ። ሁለተኛ፣ መድረሻ ከመረጠ ወዲያው “ደርሶ መልስ”ን አስሉለት። ከአዲስ አበባ ወጣ ሲባል መድረሻው ላይ ቻርጅ ማድረጊያ ስለመኖሩ እርግጠኛ የሚሆን ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ የሚያስጨንቀው መሄዱ ሳይሆን መመለሱ ነው። ስክሪኑ የመሄጃውን ብቻ ነግሮት ዝም ካለ ግማሹን ብቻ ነው የነገረው።

2. ዳገቱን ካለፈው ፍጆታ ላይ ቀንሱ

ይህ እርምጃ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል፤ ጊዜያችሁን እዚህ አጥፉ።

ብዙ መኪና ቀሪ ኪሎ ሜትርን የሚገምተው በቅርቡ ከበላው ተነስቶ ነው። ሜዳ አገር ላይ ይህ ያስኬዳል። በኢትዮጵያ ከፍታ ላይ ግን ያለፈው 50 ኪሎ ሜትር ስለሚመጣው 50 ብዙ አይናገርም፤ አንዳንዴም ተቃራኒውን ይናገራል። የኒሳን ሊፍ ሾፌሮች እ.ኤ.አ. በ2010 መኪናዋ ከወጣች ብዙም ሳይቆይ የኪሎ ሜትር መገመቻዋን “ገማች ሜትር” እያሉ መቀለድ የጀመሩት ከዚሁ የተነሳ ነው።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። 2,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 100 ሜትር ከፍ ሲል፣ ከሞተሩ ብክነት በፊት፣ 0.54 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ከአዲስ አበባ አዳማ ያለው የከፍታ ልዩነት ከ600 ሜትር በላይ ነው። ይህ ከ3 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው፤ ሲወርዱ ይገኛል፣ ሲወጡ ይከፈላል። መሄጃና መመለሻው ላይ ሲደመር ከ6 በላይ ልዩነት ይፈጥራል። የአብሮ አደጌን ላብ ያመጣው ይኸው ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። መኪናው በየኪሎ ሜትሩ የበላውን መዝግቡ። ከዚያ ላይ ለከፍታ የወጣውን ቀንሱ፤ ቁልቁለት ከነበረ ደግሞ ያገኘውን መልሱበት። የሚቀረው ይህ መኪና፣ በዚህ ሾፌር እግር፣ በሜዳ ላይ የሚበላው ነው። የዚህን አማካይ ያዙ፤ ቀስ ብሎ የሚለወጥ፣ የሚታመን ቁጥር ነው። ከዚያ የሚመጣውን መንገድ ከፍታ ከካርታ ወስዳችሁ ጨምሩበት። ያለፈው ስለ ሾፌሩ ይናገር፤ ካርታው ስለ መንገዱ።

የከፍታ መረጃ በነጻ ይገኛል። ኢንዴቨር የተባለችው የናሳ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 በ11 ቀን በረራ አብዛኛውን የብስ በራዳር ለክታ ነበር፤ ጎኑ 30 ሜትር ገደማ በሆነ ካሬ የተዘጋጀው ውጤት ለማንም ክፍት ነው። ግን እንዳለ አትጠቀሙበት። ገደል ጥግ የሚሄድ መንገድ ላይ አንዱ ካሬ ገደሉን ከመንገዱ ጋር ቀላቅሎ ይለካል። ሜዳ የሆነ አስፋልት ወረቀት ላይ ጥርስ እንዳለው መጋዝ ይሆናል፤ ያ ሁሉ የሐሰት ዳገት ሲደመር መኪናው የማይበላውን ኃይል በላ ያሰኛል። መንገዱን በየጥቂት መቶ ሜትሩ አለስልሱት። ከ15 በመቶ በላይ ተዳፋት አስፋልት ላይ ካያችሁ መንገዱን ሳይሆን መረጃውን ጠርጥሩ።

አንድ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ባሕር ጠለል ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር መኪናን ብዙ አይገፋም፤ ስለዚህ በፍጥነት ሲነዳ የሚባክነው ያንሳል። ጀርመን ወይም ቻይና ዝቅተኛ ከተማ ላይ የተስተካከለ ሒሳብ እዚህ ትንሽ ይሳሳታል፤ ወደ አዋሽና ወደ አፋር ሲወረድ ደግሞ አየሩ ይወፍራል፣ ኤሲው ይከፈታል፣ ስህተቱ አቅጣጫውን ይቀይራል። ከፍታውን ካወቃችሁ የአየሩን ውፍረትም አውቃችኋል፤ አንድ መስመር ኮድ ነው።

3. ስክሪናችሁን ዓባይ በረሃ ውስጥ አስቡት

ጎሐ ጽዮን ላይ ናችሁ፤ ከፍታው 2,500 ሜትር ገደማ ነው። የዓባይ ድልድይ ከዚያ 1,400 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል። ከድልድዩ ማዶ ወደ ደጀን እንደገና ተመሳሳይ ዳገት አለ። ሁለቱም ወገን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጠመዝማዛ።

ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ባትሪውን ይሞላል። ሾፌሩ ፐርሰንቱ ሲጨምር ያያል፤ ደስ ይለዋል፤ ፎቶ አንስቶ ለጓደኛው ይልካል። ተራው ስክሪን ደግሞ ይህን አይቶ ቀሪውን ኪሎ ሜትር ሰማይ ያደርሰዋል። ድልድዩን ተሻግሮ ዳገቱን ሲጀምር ያ ሁሉ ይፈርሳል፤ ከፍታውን ለመመለስ ብቻ 8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሄዳል። ባትሪው 60 የሚይዝ ከሆነ ከ13 በመቶ በላይ መሆኑ ነው።

ስክሪናችሁ እዚህ ምን ያድርግ? በመጀመሪያ፣ ከመውረዱ በፊት የመንገዱን መገለጫ አንዲት መስመር አድርጎ ያሳይ፦ ቁልቁለቱ፣ ድልድዩ፣ ዳገቱ፣ በሦስቱም ቦታ የሚኖረው ፐርሰንት። “ጎሐ ጽዮን 61%፣ ድልድይ 66%፣ ደጀን 48%” የሚል ሥዕል ያየ ሰው ዳገቱ ላይ ቁጥሩ ሲወርድ አይደነግጥም፤ ቀድሞ ተነግሮታል። ጭንቀትን የሚወልደው መቀነሱ ሳይሆን ያልተነገረ መቀነስ ነው። ሁለተኛ፣ ቁልቁለቱ ላይ የመድረሻው ፐርሰንት ዝም ይበል። የመንገዱ ሒሳብ ትክክል ከነበረ የሚለወጥበት ምክንያት የለም፤ የባትሪው ፐርሰንት ይውጣ ይውረድ፣ የመድረሻው ግን ቦታውን አይልቀቅ። ሾፌሩ ስክሪኑን ማመን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው የደህንነት ጉዳይ ነው። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ቁልቁለት የሚሰጠውን ኃይል የሚያስገባበት ቦታ ስለሌለው የሞተሩ መያዝ ይቀንሳል፤ ሸክሙ በሙሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ጎሐ ጽዮን ላይ 100% ሞልቶ ወደ ዓባይ የሚወርድ ሾፌር ይህን ቁልቁለቱ መሃል ላይ ሊያውቀው አይገባም። ቻርጅ እያደረገ ሳለ ንገሩት፦ “ከፊትዎ ረጅም ቁልቁለት አለ፤ 90% ላይ ቢያቆሙ ይሻላል።” ያን ጊዜ ቁጭ ብሎ ቡና እየጠጣ ነው፤ ለማንበብ ጊዜ አለው።

4. ከወረቀቱ ቁጥር አትነሱ

ወደ አገራችን የሚገቡት መኪኖች አብዛኞቹ የቻይና ገበያ መኪኖች ናቸው። “500 ኪሎ ሜትር ይሄዳል” የሚለው ወረቀት የተጻፈው ሲኤልቲሲ በተባለው የቻይና መለኪያ ነው። መለኪያው 30 ደቂቃ የሚፈጅ፣ 14 ኪሎ ሜትር ተኩል የማይሞላ ዑደት ሲሆን አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያ የከተማ ጉዞ ነው እንጂ የአዳማ መንገድ አይደለም። አዲስ መኪና ስትቀበሉ በመጀመሪያ ግምታችሁ ከዚያ ወረቀት ብትነሱ ሾፌሩ በመጀመሪያው ሳምንት ስክሪናችሁን ማመን ያቆማል፤ ያጡትን እምነት መመለስ ደግሞ ከባድ ነው። ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ። ከተባለው በላይ የሄደ መኪና ማንንም አላስኮረፈም።

5. አንዱን ቁጥር ወደ ሁለት ዘርጉት

“183” የሚለው ቁጥር ችግሩ ስህተት መሆኑ ብቻ አይደለም፤ እርግጠኛ መምሰሉ ነው። 183ን ያየ ሰው 182 ወይም 184 አለመሆኑ የታወቀ ይመስለዋል። ማልቴ ዩንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ጥናት ሾፌሮችን እውነተኛ የኤሌክትሪክ መኪና አስነድቶ፣ ግምቱን በአንድ ቁጥር ያዩትንና በደብዛዛ ድንበር ያዩትን አነጻጽሮ ነበር። አለማወቁን ያልደበቀው ስክሪን የተሻለ እምነት አተረፈ። እኔ ይህን ሳነብ አልገረመኝም፤ ገጠር መንገድ ጠይቃችሁ “እዚሁ ነው፣ ቅርብ ነው” ያላችሁን ሰውና “እንደ እግርህ ነው፤ ከፈጠንክ አንድ ሰዓት፣ ከዘገየህ ሁለት” ያላችሁን ሰው አስታውሱ።

ስለዚህ “ሲደርሱ ከ8 እስከ 14%” በሉ። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል አይታዩ፦ ታችኛው ይጉላ፣ ላይኛው ይደብዝዝ። ሾፌር ሊወስንበት የሚገባው ታችኛው ነው። መድረሻው ሲቀርብ ክፍተቱ ይጥበብ፤ 5 ኪሎ ሜትር ሲቀር አንድ ቁጥር ይበቃል።

ክፍተቱን የሚያሰፋ አንድ ስውር ነገር አለ። ብዙ ርካሽ መኪኖች የሊትየም ብረት ፎስፌት ባትሪ አላቸው። ይህ ባትሪ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ነገር ግን ከ20 እስከ 90 በመቶ ድረስ ቮልቴጁ ብዙም ስለማይለወጥ፣ መኪናው ውስጡ ያለውን መጠን ለማወቅ ይቸገራል። የገባውንና የወጣውን እየቆጠረ ይኖራል፤ ቆጠራው ቀስ በቀስ ይዛነፋል። በአብዛኛው ሙሉ ሲሞላ ነው እንደገና የሚስተካከለው። ስለዚህ ባትሪው ለሳምንታት ሙሉ ካልተሞላ ክፍተቱን አስፉ፣ ቤት ሲደርስም “ዛሬ ማታ እስከ 100% ቢሞሉት ግምቱ ይስተካከላል” በሉት።

6. ሾፌሩ በሚናገረው ቋንቋ ጻፉት

ስክሪኑ ሙሉ በሙሉ ቻይንኛ የሆነ መኪና የሚነዱ ሰዎች አዲስ አበባ ውስጥ ሞልተዋል። ቁልፉን የሚያውቁት በፊደሉ ሳይሆን በቦታው ነው፦ “ከግራ ሦስተኛው ኤሲ ነው።” ሶፍትዌሩ ታድሶ ቁልፉ ቦታ ሲቀይር ወደ ጋራዥ የሚሄድ ሰው አውቃለሁ። ወደ አማርኛ መመለስ ግን ቃል በቃል መተርጎም አይደለም። ሾፌር እርስ በርሱ “ስንት ፐርሰንት አለህ?” ነው የሚባባለው፤ “የባትሪዎ የኃይል መጠን” የሚለው የለም። “ቀሪ የጉዞ ርቀት ግምት” ከማለት “ገና 90 ኪ.ሜ. ይሄዳል” ማለት ይሻላል፤ ቻርጅን ቻርጅ በሉት፣ ኤሲን ኤሲ በሉት።

ቁጥሩ በተለመደው አኃዝ ይሁን፤ የግዕዝ ቁጥር ያምራል፣ ግን በ100 ፍጥነት ላይ ፷፰ን የሚያነብ ሾፌር አላጋጠመኝም። ሰዓቱ ደግሞ የእኛ ሰዓት ይሁን። “15:20 ይደርሳሉ” ሲል ሾፌሩ እንደገና ስድስት ይቀንሳል። “ከቀኑ 9:20” በሉት፤ ሌላውን የሚመርጥ ማስተካከያ ውስጥ ይቀይረው።

ፊደሉን በተመለከተ፣ በላቲን የተለካ መጠን ለእኛ አይሠራም። የተ እና የቸ፣ የደ እና የጀ፣ የነ እና የኘ ልዩነት አናቱ ላይ ያለች ሰረዝ ናት፤ የበ እና የቡ ደግሞ ጎኗ ላይ ያለች ቅጥያ። እነዚህ በትንሽ መጠንና በቀጭን ፊደል ሲጻፉ ይጠፋሉ፤ የፀሐይ ነጸብራቅ ሲጨመርበት ይብስ። ከላቲኑ ከፍ አድርጉት፣ አወፍሩት፣ ቃላቱን ደግሞ ቀንሱ። የአሜሪካው የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ አንድ እይታ ከ2 ሰከንድ እንዳይበልጥ ይመክራል። በ100 ፍጥነት 2 ሰከንድ ማለት 55 ሜትር መንገድ ሳያዩ መሄድ ነው። የእኛ መንገድ ላይ በ55 ሜትር ውስጥ አህያም፣ ልጅም፣ ባጃጅም ይገባል።

7. ባትሪው ሲያልቅ አትጩኹ

የነዳጅ ሾፌሮቻችን “ሪዘርቭ” ላይ መንዳት ልማዳቸው ነው። ቢጫው መብራት በርቶ ቀኑን የሚውል ታክሲ ሁላችንም አውቀናል፤ ካለቀም ጀሪካን ይዞ መሮጥ አለ። ኤሌክትሪክ በጀሪካን አይመጣም። ይህን ሾፌሩ ከእናንተ በላይ ያውቀዋል። ስለዚህ 15% ላይ ቀይ ቀለም፣ ደወልና ብልጭታ መደራረብ የሚያውቀውን ደግሞ መንገር ነው። ከዚያ ይልቅ የሚያደርገውን ንገሩት፤ አንድ ነገር ብቻ።

“ፍጥነቱን ወደ 80 ቢያወርዱ በ9% ይደርሳሉ።” አየሩ መኪናውን የሚገፋበት ኃይል በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሚያድግ፣ ከ100 ወደ 80 መውረድ ይህን ኃይል ከአንድ ሦስተኛ በላይ ይቀንሰዋል። ይህ ኤሲ ከማጥፋት አብዛኛውን ጊዜ ይበልጣል። ሾፌር ግን ኤሲውን ነው የሚያጠፋው፣ የትኛው ስንት እንደሚያተርፍ የነገረው ስለሌለ። ጎን ለጎን አሳዩት፦ ፍጥነት ይህን ያህል፣ ኤሲ ይህን ያህል። በላብ ተጠምቆ 110 የሚነዳ ሰው ያኔ ይስቃል።

አንዳንድ መኪኖች መጨረሻ ላይ ቁጥሩን አጥፍተው ሰረዝ ብቻ ያሳያሉ። የሠሪው ሐሳብ ይገባኛል፤ የማያውቀውን ላለመናገር ነው። ለሾፌሩ ግን ሐኪሙ ዝም ያለበት በሽተኛ መሆን ነው። ቁጥሩን ማመን ካልቻላችሁ “ከ5 ኪ.ሜ. በታች፤ ደህና ቦታ ይፈልጉና ይቁሙ” በሉ።

8. ጣቢያው መኖሩ አይበቃም

ካርታ ላይ የቻርጅ ምልክት መደርደር ቀላል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ኢትዮ ቴሌኮምን ጨምሮ ፈጣን ጣቢያ የከፈቱ አሉ፤ የግል ድርጅቶችም እየጨመሩ ነው። ሾፌሩን የሚያስጨንቀው ግን ሌላ ነው፦ ሶኬቱ ይገጥማል ወይ? መብራት አለ ወይ? ሰልፉስ? ከቻይና የመጣ መኪና የቻይናውን መሰኪያ፣ ከአውሮፓ የመጣ ሌላውን ይይዛል። ለመኪናው የማይገጥመውን ጣቢያ ጭራሽ አታሳዩ። ለሚገጥመው ደግሞ “ዛሬ ከጠዋቱ 3:10 ላይ መኪና ሞልቷል” የሚል አንድ መስመር ካገኛችሁ ከአምስት ኮከብ ይበልጣል። ኔትወርክ ሲጠፋ የመጨረሻው የታወቀው ነገር ከነሰዓቱ ይቆይ፤ ባዶ ገጽ አታሳዩ።

ቤት ውስጥ ግን ትልቁን ነገር ማድረግ ትችላላችሁ። ከተራ ሶኬት በ220 ቮልትና በ10 አምፒር የሚሞላ መኪና በሰዓት 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ያገኛል፤ 20 ለመሙላት ከዘጠኝ ሰዓት በላይ ይፈልጋል፤ ሌሊቱ ሙሉ ማለት ነው። ሌሊት መብራት ሦስት ሰዓት ከጠፋ ጠዋት የሚጠበቀው የለም። ሾፌሩ ይህን መኪናው ውስጥ ገብቶ፣ ልጆቹን ጭኖ፣ ረፍዶበት ማወቅ የለበትም። መብራት እንደጠፋ ስልኩ ላይ ዝም ያለች መልእክት ላኩለት፣ ሲመለስም “እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት 71% ይደርሳል” በሉት። ይህች መልእክት በቀን ከሚያየው ስክሪን ሁሉ ይልቅ ታሳርፈዋለች።

9. መንገድ ላይ ሞክሩት

ቢሮ ውስጥ የተፈተነ ስክሪን አልተፈተነም። ሦስት መንገድ ምረጡ፦ አዳማ ደርሶ መልስ፣ ደብረ ብርሃን ደርሶ መልስ (ይህኛው ሲሄዱ ነው የሚወጣው)፣ ከተቻለም ዓባይ። ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጡና ዝም በሉ። “ወደድከው?” ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም ሰው ይሉኝታ አለውና “ጥሩ ነው” ይላችኋል። ይልቅስ ኤሲውን ስንት ፐርሰንት ላይ እንዳጠፋ፣ ስክሪኑን በአምስት ደቂቃ ስንት ጊዜ እንዳየ፣ ወሬ ያቆመው የት እንደሆነ ጻፉ።

መለኪያ ከፈለጋችሁ አንድ ልስጣችሁ። ጀርመኖቹ ቶማስ ፍራንከና ዮሴፍ ክሬምስ በርሊን ላይ ሚኒ ኢ የተባለውን የኤሌክትሪክ መኪና ለወራት የነዱ ሰዎችን ሲያጠኑ፣ ሾፌሮቹ ከመኪናው አቅም ከ75 እስከ 80 በመቶ ያህሉን ብቻ ያለ ሥጋት እንደሚጠቀሙ አገኙ፤ የቀረው ለፍርሃት የተቀመጠ ነው። በስክሪናችሁ የነዳ ሰው ከአንድ ወር በኋላ ቤቱ የሚገባው በ35% ሳይሆን በ15% ከሆነ፣ ያውም ሙዚቃው ሳይጠፋ፣ ሠርቷል።

የመጀመሪያውን ሙከራ ግን ለሌላ ሾፌር አትስጡ። ወደ አዳማ ውረዱ፤ በሚያሰጋ ፐርሰንት ተነሡ፤ መመለሻውን ራሳችሁ ንዱት።